ሰማያዊው ድንጋይና የመሪጌታ ብሩሽ

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ድንጋዩ ነው። «የት አገኘኸው? አሁንም አለ?» ይሉኛል። ስለ ሽማግሌው የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው። አልፈርድባቸውም፤ ያኔ ለእኔም ከሽማግሌው ይልቅ የታየኝ ድንጋዩ ነበር። እናንተ ግን አንድ ነገር እሺ በሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትፍረዱብኝ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ አላገባሁም። በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ከአልጋዬ በቀር ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ሁሉም ድንጋይ ነው። የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ሲፈነከት አንዳንዴ ሆዱ ውስጥ ክፍተት ይገኛል። በክፍተቱ ውስጥ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠኑ ነጫጭ ክሪስታሎች በቅለው ታያላችሁ። እኔ ቅዳሜና እሑዴን የምጨርሰው እነሱን ስለቅም ነበር። መንገድ ሲቆረጥ፣ የመሠረት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ መዶሻዬንና የእጅ መነጽሬን ይዤ እዚያ ነኝ። አከራዬ «ሰው ሚስት ያገባል፤ አንተ ኮረት ታገባለህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ነጩ ሞልቷል። ሰማያዊ ግን የለም። ከይጁቤ ወዲህ ካለ አንድ ወንዝ ዳር ያገኘሁት፣ ውኃ የበዛበት ወተት የሚመስል አንድ ፈዛዛ ነገር ነበረኝ፤ እሱንም ሰማያዊ ብሎ ለመጥራት ልግስና ይጠይቃል። የምመኘው ጥልቁን፣ ዓይን የሚይዘውን ሰማያዊ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ የምመኘው ድንጋዩን ብቻም አልነበረም። ማንም ያላየው ዓይነት ማዕድን ሲገኝ አንዳንዴ በሰው ስም እንደሚሰየም አንብቤያለሁ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስሜን ከድንጋይ ስም ጋር እያገጣጠምኩ እለማመድ ነበር። «ካሳሁናይት።» አትሳቁ፤ ጮክ ብዬም ብየዋለሁ።

ሌላም ዓመል ነበረብኝ። «አላውቅም» ማለት አይሆንልኝም። ተማሪ ከጠየቀኝ፣ ካወቅሁት አውቄው፣ ካላወቅሁትም እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ እመልሳለሁ። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረኝም። የኬሚስትሪ መምህሯ ትዕግሥት ብቻ አንዳንዴ ከመነጽሯ በላይ ታየኝና ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር።

መሪጌታ ይትባረክን ያወቅኋቸው በዚሁ ድንጋይ ለቀማ ነው። ከሮብ ገበያ ከተማ አልፎ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ይኖራሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ብራና ይጽፋሉ፤ የሚጽፉትን መጽሐፍ ሥዕልም ራሳቸው ይሥላሉ። አንድ ጊዜ ቀይና ቢጫ አፈር ለቀለም አግኝቼላቸው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ስሄድ ሳልጠይቃቸው አላልፍም። በዚያ ዓመት ለአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሦስት ዓመት የደከሙበትን መጽሐፍ ሊጨርሱ የቀራቸው አንድ ሥዕል ብቻ ነበር፤ እመቤታችን ልጇን እንደታቀፈች። ፊቷ አልቋል፣ ሕፃኑ አልቋል። የቀረው መጎናጸፊያዋ ነው። መጎናጸፊያው ደግሞ ሰማያዊ መሆን አለበት።

«የሱቁን ሰማያዊ አውቀዋለሁ» ይሉኝ ነበር። «እኔ ሳልሞት ገርጥቶ አየዋለሁ። ይኸ የመጨረሻ መጽሐፌ ነው፤ የሚገረጣ ነገር አላለብሳትም።»

ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እሑድ ይመስለኛል። ከሮብ ገበያ ወደ እሳቸው ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጣራው የረገፈ አንድ የድሮ መጋዘን አለ። ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ከኋላው ዞርኩ። የግንቡ ግርጌ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ብርሃን የገባበት የሚመስል ነገር አየሁ።

ተንበረከክሁ። ጣት የሚያህሉ ክሪስታሎች ናቸው፤ ጥርት ያሉ፣ ጠርዛቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል። ሰማያዊነታቸውን እንዴት ልንገራችሁ? በመስከረም ዝናቡ ካባራ በኋላ ጮቄ ላይ ቆማችሁ ሰማዩን አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እሱን ነው። ባዶ ቦታ ላይ ብቻዬን «አገኘሁህ! አገኘሁህ!» እያልኩ ነበር።

«ልጄ፣ እዚያ ምን ትቆፍራለህ?»

ቀና ስል ጀሪካን ያዘሉ አንዲት እናት ቆመው ያዩኛል።

«ድንጋይ ነው እማማ።»

«እሱ እኮ ድሮ የከብት መድኃኒት የነበረበት ነው። የበግ እግር ሲበሰብስ የሚነክሩበት ነገር በጆንያ በጆንያ እዚያ ነበር። ኋላ ዝናብ ገባበትና ፈሰሰ። ተው አትንካው፣ እጅህን ያቆስልሃል።»

«ይሄ መድኃኒት አይደለም፤ ከመሬት ውስጥ የሚበቅል ነው። እኔ የዚህ ነገር መምህር ነኝ» አልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነበር። እሳቸውም «እንግዲያ አንተ ታውቃለህ» ብለው ጀሪካናቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ስልኬን አውጥቼ ያስቀመጥኳቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየሁ። አዙራይት የሚባል ማዕድን አለ፤ መዳብ ካለበት ድንጋይ የሚወጣ፣ ጥልቅ ሰማያዊ። የጥንት ሠዓሊዎች እየፈጩ ቀለም ይሠሩበት ነበር። ቁርጥ እሱ! ከሥዕሉ ሥር መለያው ተጽፏል፦ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ይፈላል። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውኃ ነበረኝ። ጠጣሁት። እንደዚያ ያማረን ነገር ማን በውኃ ይፈትናል? ደግሞስ ምን ቀረኝ፣ አውቄዋለሁ።

መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ባለቤታቸው እማማ የሺ ንፍሮ አቀረቡልኝ።

«የኔታ፣ መዳፍዎን ይዘርጉልኝ» አልኩ።

ክሪስታሎቹን መዳፋቸው ላይ ደረደርኳቸው። ወደ ፀሐይ አነሡት፣ ወደ ጥላ መለሱት።

«ይኸ ከመሬት የወጣ ነው?»

«ከመሬት ነው የኔታ። አዙራይት ይባላል። የጥንት ሠዓሊዎች ሰማያዊ ቀለም የሚሠሩት ከዚህ ነበር። አይገረጣም።»

«ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ!»

«የምጠይቅህ ለሌላ አይደለም» አሉና ሣቅ አሉ። «እኔ ብሩሹን የማሾለው በምላሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው የለመድኩት። መትፋቱንም አልወድም። የእሷን ልብስ ቀለም መሬት ላይ እንትፍ ልበል? እውጠዋለሁ።»

እማማ የሺ ከውስጥ ሆነው «ሰውዬው ዘመኑን ሙሉ ቀለም ሲበላ ኖረ!» ብለው ሣቁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሕይወቴን ሙሉ ተመልሼ ብገባባት የምመኛት ደቂቃ ይህቺ ናት። «ልፈትሸውና ልንገርዎ» ብል የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው እየጠበቁኝ ነው፤ ዓይናቸው ላይ ደስታ አለ፤ ደስታውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ምንም ችግር የለውም» አልኩ።

«እንግዲያ ማክሰኞ እፈጨዋለሁ። በሙጫ አዋህጄ አሳድረዋለሁ። ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እጀምራታለሁ። ጾም ነው፤ ከዘጠኝ በፊት ቀለምም ቢሆን አፌ አይገባም።»

ሁሉንም ሰጠኋቸው። አንዷን፣ ከሁሉም የምታምረውን ግን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ።

ረቡዕ ዕለት ያቺን ክሪስታል ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። ፎቶ አንስቼ በኢንተርኔት ለማውቃቸው ድንጋይ ሰብሳቢዎች ልልክ፣ ጉድ ላሰኛቸው ነው። አቧራ ነበረባት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሞልቼ፣ በወረንጦ ይዤ ከተትኳትና ደወል ሲደወል ወረንጦውንም እዚያው ትቼ ወደ ክፍል ገባሁ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ተመለስኩ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ሰማያዊ ሆኗል። ክሪስታሏ ግማሿ የለም። የቀረው ግማሽ ጠርዙ ተበልቶ፣ የተላሰ ከረሜላ መስሏል። ወረንጦውን ሳወጣው ውኃ የነካው በኩል ቀልቷል፤ የመዳብ ቅላት።

ወረንጦውን እያገላበጥኩ ሳለሁ ትዕግሥት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ገባች።

«ኮፐር ሰልፌት ከላቦራቶሪዬ ማን ሰጠህ?» አለች።

«ምን?»

«እሱ ብርጭቆ ውስጥ ያለው። ወረንጦህን ደግሞ አበላሸኸው፤ መዳብ ለብሷል። በል ያንን ብርጭቆ ሰው ሳይጠጣበት ድፋው፤ መርዝ ነው።»

«ሰው ቢውጠውስ?»

«ምን ያህል?»

«አላውቅም። ሽማግሌ ቢሆን። ባዶ ሆዱን። በብሩሽ እየላሰ፣ ደጋግሞ።»

ትዕግሥት ምሳ ዕቃዋን አስቀመጠች። ከመነጽሯ በላይ አላየችኝም፤ ቀጥ ብላ ነው ያየችኝ። «ካሳሁን፣ ምን አደረግህ?»

ነገርኳት። ከዚያ ሰዓቷን አየች። «ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከበዛ ኩላሊቱንና ጉበቱን ይመታዋል፤ ይገድላል። ሽማግሌን ለመግደል ብዙም ላያስፈልግ ይችላል። ደውልላቸው!»

ደወልኩ። ዝግ ነው። የመሪጌታ ስልክ ሁልጊዜም ዝግ ነው፤ የሚከፍቱት እሳቸው መደወል ሲፈልጉ ብቻ ነው። ሮብ ገበያ ለማውቀው አንድ ባለ ሱቅ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ አልነሣ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

«ሂድ» አለችኝ። «ክፍለ ጊዜህን እኔ እገባለሁ። ከላሱ ውኃ አጠጧቸው። እንዲያስመልሳቸው ብላችሁ ጉሮሯቸውን አትነካኩ። ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ የዋጡትንም ስሙን ንገር። ኮፐር ሰልፌት። በል፣ ድገመው።»

«ኮፐር ሰልፌት» አልኩ።

መነኸሪያ ስደርስ ወደ ሮብ ገበያ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ባዶ ነው። ረቡዕ ገበያ ቀን ነውና ሰው ሁሉ ጠዋት ሄዷል። ረዳቱ «ይሞላል፣ ግባ» አለኝ። ገባሁ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ሁለት ሰው መጣ። ሃያ ደቂቃ። ሹፌሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር ይሣሣቃል። ስልኬ ላይ ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል። ወረድኩና መንገድ ላይ ያገኘሁትን የመጀመሪያውን ባለ ሞተር ሳይክል ያዝኩ።

«ሮብ ገበያ። የሰው ነፍስ ነው።»

ልጁ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። የዚያን መንገድ ኮረኮንች የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ ልንወድቅ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ከገበያ የሚመለሱ በጎች መንገዱን ሞልተውት ቆምን። ባለቤቱ በቀስታ ይነዳል፤ እኔ ከሞተሩ ላይ ወርጄ እንደ እብድ በጎቹን በእጄ እገፋለሁ። የእያንዳንዱን በግ እግር ነበር የማየው። የበግ እግር ሲበሰብስ የሚነክሩበት ነገር። እኚያ እናት ነግረውኝ ነበር! በግልጽ አማርኛ ነግረውኝ ነበር። «እንግዲያ አንተ ታውቃለህ» ያሉት ቃል ጆሮዬ ውስጥ እየደወለ ነው።

ሮብ ገበያ ስንገባ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከገበያው ወዲያ ሞተሩ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ጫማዬን አጥብቄ መሮጥ ጀመርኩ። በጂኦግራፊ መምህርነቴ ስለ ከፍታና ስለ አየር መሳሳት ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ መሰላችሁ፤ የዚያን ቀን ደረቴ ተማረው። ትንሽ እሮጣለሁ፣ አጎንብሼ ቆሜ እተነፍሳለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ። በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ዞሬ አላየሁትም። «አምላኬ፣ ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ይጣላቸው፣ እንግዳ ይምጣባቸው፣ ብሩሹ ይጥፋ» እያልኩ ነው። ስልኬን ሳየው ዘጠኝ ከአምስት። ቤቱ ገና ከኮረብታው ወዲያ ነው።

ዘጠኝ ከሃያ ላይ ደረስኩ።

መሪጌታ በራቸው አጠገብ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው በቀንድ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም አለ። የመጎናጸፊያው አንድ ጎን አልቋል። አጎንብሰው ነበርና መምጣቴን አላዩም። ብሩሹን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ነው።

«የኔታ! ተዉ! ያስቀምጡት!»

ቀና አሉ። ድምፄ ሳይሆን መልኬ ሳያስደነግጣቸው አልቀረም። «ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«መርዝ ነው። ያ ቀለም መርዝ ነው። አይላሱት።»

እማማ የሺ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። መሪጌታ ግን ብሩሹን አልጣሉም። ያዙት እንጂ። ቀስ ብለው አዩኝ።

«እሑድ ዕለት ምን አልከኝ?»

«ችግር የለውም ብዬዎት ነበር።»

«ታውቀዋለህ ወይ ብዬህ ምን አልከኝ?»

«አሳምሬ አልኩ።»

«እሑድ አውቃለሁ ያልክ አንተ ነህ። ዛሬም አውቃለሁ የምትለው አንተ ነህ። የትኛውን ልመን?» ቁጣ የለባቸውም። የእውነት ነው የጠየቁኝ። «ሦስት ዓመት የጠበቅኋት ሥራ ናት። ሰው አንዴ ሮጦ መጥቶ ጣል ስላለኝ አልጥላትም። ደግሞ አየው፣ እንዴት እንደሚያምር!»

ብሩሹን እንደገና ቀንዱ ውስጥ ነከሩት።

ለዓመታት ድምፄን ጎላ አድርጌ ሰውን ሳሳምን ኖሬአለሁ፤ የሚያስፈልገኝ ቀን ሲመጣ ድምፄ ዋጋ አጣ። ያኔ ነው ተንበርክኬ በሕይወቴ ብዬው የማላውቀውን ቃል ያልኩት።

«የኔታ፣ እሑድ አላውቅም ነበር። በመልኩ ብቻ ገምቼ ነው። ልፈትሸው ስችል አልፈተሽኩትም። እንደማውቅ መስዬ የታየሁት እንዲያደንቁኝ ብዬ ነው። አላውቅም ነበር።»

ብሩሹ አየር ላይ ቆሟል። ከጫፉ አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ወደቀች።

«ዛሬስ በምን አወቅህ?»

ወረንጦው ትዝ አለኝ። «ወስፌዎን ይስጡኝ።»

ብራና ላይ መሥመር ለማስመር የሚወጉበት ወስፌ ነው፤ ከብዙ መነካካት የተነሣ እንደ ብር ያበራል። ከእጃቸው የማይለይ ዕቃ ነው። አመነቱ፤ ከዚያ አቀበሉኝ። በነጠላቸው ጫፍ ወልውዬ ቀለሙ ውስጥ ነከርኩት።

ሦስታችንም ቀንዱን ከበን ቆምን። የጠበቅነው ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው። ሙጫው ከልክሎት እንደሆነስ? ምንም ሳይሆን ቢወጣስ? ነጭ ሆኖ ከወጣ እኒህ ሰው ብሩሻቸውን ልሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ እኔም የምለው አይኖረኝም። እማማ የሺ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይጸልያሉ።

አወጣሁት። የወስፌው ጫፍ ቀይ ነው።

መሪጌታ ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፤ አልለቀቀም። ወደ ብርሃን አነሡት። «መዳብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ብሩሹን አስቀመጡ። ብራናውን ከጉልበታቸው አንሥተው ለሚስታቸው ሰጡ። «ትናንትም በሙጫ ሳዋህደው እንደ ጨው ሟሟብኝ። ገርሞኝ ነበር። ግን አንተ አውቃለሁ ብለህ የለ።»

«የኔታ፣ ሆድዎን ያምዎታል?»

«ከጀመርኩ ወዲህ ያቃጥለኛል። ጾሙ ነው ብዬ።»

ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። በሩ ላይ እንደተደገፉ አስመለሳቸው። ያስመለሳቸው ሰማያዊ ነበር። እማማ የሺ ያን ሲያዩ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ፤ ያ ጩኸት እስከ ዛሬ አንዳንዴ ያባንነኛል።

ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠጣናቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቃሬዛ ተሠራ። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ቁልቁለቱን እየተፈራረቅን በሩጫ ወረድን። ሁለት ጊዜ ስላስመለሳቸው ቆምን። ከግማሽ መንገድ በኋላ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከማስመለሱ የበለጠ አስፈራኝ። ዓይናቸውን ሲገልጡ እኔን ፈለጉ።

«መምህር።»

«አቤት የኔታ።»

«ስምህ ማን ነው?»

«ካሳሁን ነኝ። ረሱኝ እንዴ?»

«እሱን አይደለም። የክርስትና ስምህን።»

ለምን እንደፈለጉት መጠየቅ አልቻልኩም። ሊሞቱ ነው፤ ሲሞቱ ደግሞ ማን እንደገደላቸው ለፈጣሪያቸው በስሙ ሊነግሩ ነው ብዬ አመንኩ። ልዋሽ አሰብኩ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ለአንዲት እርምጃ ያህል አሰብኩ።

«ወልደ ሚካኤል» አልኩ።

«ወልደ ሚካኤል» ብለው ደገሙት፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ያገኘችን ነርስ ምን እንደዋጡ ጠየቀች። «ኮፐር ሰልፌት» አልኩ። እንዳላጠፋው መንገዱን ሙሉ በሆዴ ስለው ነበር። ጉሉኮስ ተከሉላቸውና በአምቡላንስ ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ላኳቸው። ሁለት ቀን ሽንታቸውን በጉጉት ስንጠብቅ ሰነበትን። ኩላሊታቸው ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነውና። እማማ የሺ በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ እንጂ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ወጥቶ «ተርፈዋል» አለን። እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የሰው ብዛት ትዝም አላለኝ።

እኚያን ጀሪካን ያዘሉ እናት ቤታቸውን አፈላልጌ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ነገሩን ረስተውታል። «እኔ ያልኩህ እጅህን እንዳያቆስልህ ነው» አሉኝ። ያ ስንጥቅ በቀበሌው ሰዎች ተቆፍሮ ጸዳ፤ ዙሪያውም ታጠረ።

መሪጌታ ለወራት ደካክመው ቆዩ። ሊጠይቋቸው የሚሄዱ ሰዎች ሰላምታ ያመጡልኝ ነበር። እኔ ግን አፈርኩና አልሄድኩም። ጥቅምት ላይ መጽሐፉ አልቋል፣ ና ብለው ላኩብኝ።

ሥዕሉን ገልጠው አሳዩኝ። መጎናጸፊያዋ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ነው። አንዱ ጎን ያ የእኔ ነው፤ ከአሁኑ ወደ አረንጓዴ ማድላት ጀምሯል። ሌላው ሁሉ ከሱቅ የተገዛው ነው።

«ለምን አልፋቁትም?» አልኩ።

«ሆኗላ። የሆነ ነገር ይፋቃል?» አሉና ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጡ።

ብራና የሚጽፍ ሰው ሥራውን ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጸሐፊውን፣ ያስጻፈውን፣ የደከመበትን ሰው ሁሉ ስም ይጽፋል፤ የሚያነብ ሁሉ እንዲጸልይላቸው። በግዕዝ ነው። ጣታቸውን መሥመሩ ላይ እያስኬዱ ተረጎሙልኝ። ለጸሐፊው ለይትባረክ ጸልዩ። ላስጻፉት ምእመናን ጸልዩ። ብራናውን ዳምጦ ላለሰለሰው ጸልዩ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«አላውቅም ነበር ብሎ ሮጦ ለመጣው ለወልደ ሚካኤል ጸልዩ።»

መሥመሩን በጣቴ ተከትዬ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። እሳቸውም አልቸኮሉብኝም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ድንጋዩ የት ደረሰ ለምትሉ፣ የለም፤ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ አልቋል። አሁንም ድንጋይ እለቅማለሁ። ቤቴ ብትመጡ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ «ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ታያላችሁ። ክፍል ውስጥም «አላውቅም፤ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» ስል መጀመሪያ ተማሪዎቹ ይሣቁብኝ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። እናንተም ሰው «ታውቀዋለህ?» ብሎ መዳፉን ዘርግቶ ሲጠይቃችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት መዳፉን ሳይሆን ከንፈሩን እዩልኝ።

ስሜ በድንጋይ ላይ እንዲቀር ነበር የምመኘው። አሁን ጮቄ ሥር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ በብራና ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈውም ባወቅሁት ነገር አይደለም።